ይጠቅማል ይባላል፤ ማንን?

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያ ዓመት ሶሲዮሎጂ የወሰደ ሰው ሁሉ የሦስት ቲዎሪ ስም በቃሉ ይዞ ይወጣል። ፈንክሽናሊዝም፣ ኮንፍሊክት፣ ሲምቦሊክ ኢንተራክሽኒዝም። ሀንድአውቱ ላይ ሁልጊዜ አንደኛ የሚመጣው ፈንክሽናሊዝም ነው። ከሥሩ የሚጻፈውም አይቀየርም፦ ኅብረተሰብ እንደ ሰው አካል ነው፤ ልብ፣ ሳንባና ኩላሊት የየድርሻቸውን ሲሠሩ ሰውነት ይቆማል። ተማሪው ይሸመድዳል፣ ፈተናው ላይ ይገለብጣል፣ ክረምት ሳይገባ ይረሳል።

እኔ ሶሲዮሎጂ ተምሬ ሌላ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ከተማርኩት ሁሉ ግን ለቅሶ ቤት ስቀመጥ፣ ስብሰባ ላይ ሳዛጋ፣ ታማሚ ልጠይቅ ስሄድ ብቅ የሚልብኝ ይኸው የተናቀ ቲዎሪ ነው። ሙሉ ስሙ ረጅም ነው፤ መዋቅራዊ ፈንክሽናሊዝም። ስለሱ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አስቤ ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በመጀመሪያ የአካሉን ነገር እንተወው። እንግሊዛዊው ኸርበርት ስፔንሰር በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰፊው የተጠቀመበት ምሳሌ ነው። ለመምህር ይመቻል፤ ከሐሳቡ ሁሉ ግን ደካማው ክፍል እሱ ነው። ኩላሊት አያምፅም። ሰው ያምፃል። ኩላሊት የልብን ቦታ አይመኝም። ሰው ይመኛል። ምሳሌው ላይ ተጣብቀን ስንቀር ዋናው ነገር ያመልጠናል። ዋናው ነገር ጥያቄው ነው፦ ይህ ልማድ፣ ይህ ተቋም፣ ይህ ሥርዓት ምን እየሠራ ነው? ሰዎቹ ይሠራል ብለው የሚነግሩህን ሳይሆን በተግባር የሚሠራውን ማለት ነው።

ጥያቄውን መልክ ያስያዘው ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም ነው። በ1858 ኤፒናል በምትባል ከተማ ከራቢ (የአይሁድ የሃይማኖት መምህር) ቤተሰብ ተወለደ። እሱም ራቢ ይሆናል ተብሎ ይጠበቅ ነበር፤ ሃይማኖቱን ትቶ ሃይማኖት ለሰዎች ምን እንደሚሠራ ሲያጠና ኖረ። ከጻፋቸው ሁሉ እኔን የገረመኝ በ1895 ስለ ወንጀል ያለው ነው። ወንጀል የኅብረተሰብ መደበኛ ክፍል ነው አለ። ጥሩ ነው ማለቱ አይደለም። ወንጀል የሌለበት ኅብረተሰብ ግን የለም። ቅዱሳን ብቻ የሚኖሩበት ገዳም አስቡ ይላል። እዚያ ግድያና ዝርፊያ አይኖርም። ነገር ግን እኛ ከቁብ የማንቆጥራት ትንሽ ጥፋት እዚያ ትልቅ ቅሌት ትሆናለች። ቅጣቱስ? ከወንጀለኛው ይልቅ ለጨዋው ነው ይላል። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ «ይኼ ነውር ነው» ሲል ነውሩ ምን እንደሆነ ያስታውሳል፣ እርስ በርሱም ይቀራረባል።

ሰፈር ውስጥ ሌሊት «ሌባ! ሌባ!» ሲባል ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ከየቤቱ ሰው ይወጣል። ወር ሙሉ ሰላም ያልተባባሉ ጎረቤታሞች ቆመው ያወራሉ። ሌባው ካመለጠ በኋላም ወሬው አያልቅም። ስለ በሩ ቁልፍ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ድሮው ሰፈር ይወራል። ሌባው ሳያስበው የሰፈር ስብሰባ ጠርቷል።

ዱርኬም አንድ ማስጠንቀቂያም ትቶ ነበር፤ ተከታዮቹ ብዙ ጊዜ ዘለሉት። አንድ ነገር የሚሰጠው ጥቅም ነገሩ እንዴት እንደተፈጠረ አይነግረንም። ምክንያቱን ለብቻ፣ ተግባሩን ለብቻ ፈልጉ አለ። ይህን እንያዘው፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ፖላንዳዊው አንትሮፖሎጂስት ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከኒው ጊኒ አጠገብ ባሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ተቀምጦ ነበር። ደሴተኞቹ ዓሣ የሚያጠምዱት ሁለት ዓይነት ቦታ ነው። አንዱ የተከለለና የተረጋጋ ውሃ ነው፤ አደጋ የለውም፣ ዓሣውም አይጠፋም። ሌላው ክፍት ባሕር ነው። መጀመሪያው ቦታ ላይ ድግምት የለም፤ ሁሉም በችሎታው ያጠምዳል። ክፍቱ ባሕር ላይ ግን ድግምቱ ብዙ ነው። ድግምት የሚደግሙት አላዋቂ ስለሆኑ ነው እንዳንል ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። ድግምቱ የሚመጣው ችሎታ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው፤ የሚሠራው ሥራም ፍርሃትን መያዝ ነው። ረጅም መንገድ የሚነዳ ሹፌር ፊት ለፊቱ የሚለጥፈውን ሥዕል ባየሁ ቁጥር ማሊኖቭስኪ ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደምወደው ሰው ልምጣ። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ሮበርት መርተን በ1910 ፊላደልፊያ ውስጥ ከምሥራቅ አውሮፓ ከመጡ አይሁድ ስደተኞች ተወለደ። በ1949 ባሳተመው ሥራ ግልጽ ተግባርንና ስውር ተግባርን ለየ። ግልጹ ሰዎቹ አውቀውና አስበው የሚሹት ውጤት ነው። ስውሩ ሳያስቡት የሚመጣው ነው። ምሳሌው ሆፒ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች የዝናብ ሥርዓት ነው። ዝናቡ መጣም ቀረ፣ ተበታትኖ የሚኖረው ሕዝብ በሥርዓቱ ምክንያት ይገናኛል፤ አንድ መሆኑን ያያል። እኛም ዝናብ ሲጠፋ ምህላ እንወጣለን። መርተን ዝናቡን የሚያመጣው ማን ነው በሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። እሱ ያየው ሕዝቡ ወጥቶ ሲመለስ ምን ሆኖ እንደሚመለስ ነው።

ይህን ትምህርት ይዤ ነው እድርን እንደገና ያየሁት።

የእድር ግልጽ ተግባር ቀብር ነው። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ድስት ይወጣል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ለቤተሰቡ ገንዘብ ይሰጣል። ለዚህ ነው በየወሩ የምንከፍለው። መተዳደሪያ ደንቡም ከዚህ ውጭ ብዙ አይልም።

የሚሠራውን ስትቆጥር ግን ማለቂያ የለውም። እድር ማንበብና መጻፍ ብዙም ባልተስፋፋበት ዘመን ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት፣ ዳኛና ጸሐፊ የሚመረጥበት፣ ገንዘብ ያዥ ሒሳብ የሚያቀርብበት ቦታ ነበር። ሰው መመረጥንና መሻርን እዚያ ተለማመደ። በብሔርም በሃይማኖትም የማይገናኙ ሰዎች አንድ ድንኳን ሥር ቁጭ ብለው የሚያድሩበት ነው። የተጣላ በለቅሶ ይታረቃል፤ ቢያንስ አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። የጠፋ ዘመድ የሚገኘው፣ የሚከራይ ቤት የሚሰማው፣ ለልጅ ሥራ የሚጠየቀው ድንኳን ውስጥ ነው። ሌሊት ካርታ የሚጫወቱትን ወንዶች ሳይ ድሮ ይከፋኝ ነበር። አሁን አይከፋኝም። ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር ነቅቶ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል፤ ካርታ ደግሞ ሰው ሳይተኛ እንዲያድር ያደርጋል። ኤችአይቪ ብዙ ሰው በሚቀጥፍበት ጊዜ ብዙ እድሮች በሽተኛ ወደመንከባከብና ወላጅ አልባ ልጆችን ወደመርዳት የገቡትም ሰዉና አደረጃጀቱ ቀድሞ ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ የዱርኬምን ማስጠንቀቂያ እናውጣው። እድር ለኤችአይቪ ተብሎ አልተፈጠረም። ለምርጫ ልምምድም አልተፈጠረም። የከተማ ልጅ ነው ይባላል። ገጠር ውስጥ ድሮ ቀባሪህ የሥጋ ዘመድህና አጥቢያህ ነበር፤ ደንብ መጻፍ አያስፈልግም ነበር። ከተማ ላይ ግን ጎረቤትህ የማታውቀው ሰው ነው። ስለዚህ የማይተዋወቁ ሰዎች ወርኃዊ ክፍያና የቅጣት አንቀጽ አውጥተው የዘመድን ግዴታ በውል አሰሩት። ቀብር የቀረ ይቀጣል። ዘመድ ለቀረበት ቀብር ቅጣት አይከፍልም፤ ይወቀሳል እንጂ። ዱርኬም በ1893 የድሮው ትስስር በመመሳሰል ላይ የቆመ ነው፣ የዘመናዊው ደግሞ በሥራ ክፍፍል ላይ፤ ውል የሚበዛውም በዚህኛው ነው ብሎ ነበር። እድርን ቢያይ የትኛው ሳጥን ውስጥ እንደሚከተው ባውቅ ደስ ይለኛል። ውሉ የአዲሱ ነው፤ ለቅሶው የድሮው።

መርተን ሌላም ጥያቄ አለው። አንድን ሥራ ሌላ ነገር ሊተካው ይችላል ወይ? ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ድንኳንና ወንበር ይከራያል። ምግብ አብስሎ የሚያቀርብ ድርጅት አለ። አስከሬን የሚያጓጉዝ አለ። ኢንሹራንስም አለ። በሒሳብ ከሄድን እድር መዘጋት ነበረበት። አልተዘጋም። ከሰፈራቸው ተነሥተው ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች ታክሲ ተሳፍረው የድሮ ሰፈራቸው እድር እየሄዱ ይከፍላሉ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም እዚያው እድር አቋቁመዋል፤ አስከሬን አገር ቤት መላክ ብዙ ገንዘብ ስለሚጠይቅ ግልጽ ተግባሩ እዚያ የበለጠ ግልጽ ነው። ግን እነሱም ቢሆኑ ገንዘቡን ብቻ ፈልገው ቢሆን ኖሮ ኢንሹራንስ ይገዙ ነበር። ድንኳን በገንዘብ ይገኛል። ድንኳኑ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም። ተተኪው ግልጹን ሥራ ወሰደ፣ ስውሩን መውሰድ አቃተው። የአንድ ልማድን ዕድሜ ለመገመት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

እስከዚህ ድረስ ፈንክሽናሊዝም ያስደስታል። ሁሉም ነገር ምክንያት አለው፤ አያቶቻችን ጥበበኞች ነበሩ፤ ምንም አትንኩ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው።

መርተን ይህን ስላየ ሌላ ቃል ጨመረ፤ የሚያፈርስ፣ የሚጎዳ ውጤት። አንድ ነገር ለአንዱ ይሠራል፣ ሌላውን ይጎዳል። ስለዚህ «ይጠቅማል» ብሎ ማቆም አይቻልም። ማንን? ተብሎ መጠየቅ አለበት። እድር የራሱ ቤት ላለው ሰው ይጠቅማል። በየዓመቱ ቤት ለሚቀይረው ተከራይስ? መግቢያውን ከፍሎ ሳይጠቀምበት ይሄዳል። ደንቡ ቀሪን ሲቀጣ ቢሮ የሚውለው ሰው አስፈቅዶ ይመጣል፤ የቀን ሠራተኛው ግን የቀን ገቢውን ያጣል። ድንኳን ውስጥ ወንዶቹ ካርታ ሲጫወቱ ጓዳ ውስጥ እንጀራ የሚጋግሩትና ድስት የሚያጥቡት እነማን ናቸው? ሰፈሩ ሁሉ ስለሰፈሩ ሁሉ ማወቁስ? ለታመመ ሰው ደግ ነው። ምሥጢሩን መያዝ ለሚፈልግ ሰው ግን እስር ነው።

ይህን «ማንን?» የሚል ጥያቄ ከሁሉ የዘነጋው የመርተን አስተማሪ ታልኮት ፓርሰንስ ይመስለኛል። ለሃያ ዓመታት ያህል የአሜሪካ ሶሲዮሎጂ ማለት ሃርቫርድ ያለው ፓርሰንስ ማለት ነበር። ማንኛውም ሥርዓት አራት ነገር ማሟላት አለበት አለ፦ ከአካባቢው ጋር መጣጣም፣ ግብ መምታት፣ አባላቱን ማያያዝ፣ እሴቱን ለቀጣዩ ማስተላለፍ። ከዚያ ሁሉንም ነገር በአራት ሳጥን ይከፋፍላል፤ እያንዳንዱን ሳጥን ደግሞ እንደገና በአራት። አጻጻፉ ከባድ ነው። አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ቻርልስ ራይት ሚልስ በ1959 የፓርሰንስን ረጃጅም ገጾች እየወሰደ በጥቂት መስመር ተራ እንግሊዝኛ እየጻፈ ተሳልቆበታል። ያ ክፍል እስካሁን ያስቃል።

ፓርሰንስ ግን ሲሳካለት ይሳካለታል። በ1951 ስለ ታማሚ የጻፈው አንዱ ነው። መታመም ሚና ነው አለ፤ ሁለት መብትና ሁለት ግዴታ ያለው። ታማሚ ከዕለት ሥራው ነፃ ነው። በመታመሙም አይወቀስም። በምላሹ ለመዳን መፈለግ አለበት። የሚያውቅ ሰው ዘንድ ሄዶ የታዘዘውን ማድረግም አለበት። ሁለቱን ግዴታዎች ካላሟላ ሰነፍ ይባላል። እኛ ዘንድ ታማሚ የሚጠይቁ ሰዎች ብርቱካን ይዘው መጥተው የሚጠይቁትን ጥያቄ አስታውሱ። «ሐኪም ምን አለ? መድኃኒቱን እየወሰድክ ነው? ጠበልስ?» ፍቅር ነው። ምርመራም ነው። ሰው በእውነት ታሞ እንደሆነ፣ ለመዳንም እየሞከረ እንደሆነ ይታያል። የቲዎሪው ጉድለትም እዚሁ ይታያል። ስኳር ያለበት ሰው «ድኖ» ወደ ሥራው አይመለስም፤ ከበሽታው ጋር እየሠራ ይኖራል። ፓርሰንስ ያሰበው እንደ ጉንፋን መጥቶ የሚሄደውን ነው።

የከፋው በ1945 መጣ። ኪንግስሊ ዴቪስና ዊልበርት ሙር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የደረጃ ልዩነት ለምን በየአገሩ አለ ብለው ጠየቁ። መልሳቸው፦ አንዳንድ ሥራ ከሌላው ይበልጥ አስፈላጊ ነው፣ ረጅም ሥልጠናም ይፈልጋል፤ ጎበዞች ወደዚያ እንዲሄዱ ብዙ መከፈል አለበት። ጥሩ ይመስላል። ሌላው አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ሜልቪን ቱሚን በ1953 መልስ ሰጠ። አስፈላጊውን ማን ወሰነው? የድሃ ልጅ ተሰጥኦ ሳይታይ እየቀረ ጎበዙ እንደተመረጠ በምን ታወቀ? እኔ ደግሞ የምጨምረው አለኝ። ከተማው ውስጥ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሰዎች ለአንድ ወር ሥራ ቢያቆሙና ሥራ አስኪያጆች ለአንድ ወር ፈቃድ ቢወጡ የትኛው ቶሎ ይሸተናል?

የኛው ታሪክም ምስክር ነው። በንጉሡ ዘመን በተለይ በደቡብ ጭሰኛው ሲሶ ወይም እኩል ለባለመሬት እየሰጠ ያርስ ነበር። በዚያን ጊዜ ፈንክሽናሊስት ቢጠየቅ መልስ አያጣም። ባለመሬቱ ዳኛም ከለላም ነው፤ ጭሰኛው ያበላዋል፤ ሚዛን አለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ግን በ1965 «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። በ1974 ሥርዓቱ ወደቀ። በ1975 የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ። ሚዛኑ ውስጥ አንዱ ወገን የቆመው ወዶ እንዳልሆነ ቲዎሪው ሊያይ አልቻለም ነበር። አብዮት ለፈንክሽናሊዝም ሁልጊዜ ድንገተኛ እንግዳ ነው።

ታዲያ ለምን አልጣልኩትም? ኸርበርት ጋንስ በሚባል ሰው ምክንያት። ጋንስ ከናዚ ጀርመን በልጅነቱ ያመለጠ አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት ነው። በ1972 አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ የድህነት ጥቅሞችን ዘረዘረ። 15 ናቸው። ሲጀመር ቀልድ ይመስላል፤ እየቆየ ያቃጥላል። ድሆች በመኖራቸው ማንም የማይፈልገው ሥራ በርካሽ ይሠራል። ለድሆች ተብሎ የተከፈተው ሥራ ብዙ ሰው ያኖራል፤ ፖሊሱን፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያውን። ሌላው የጣለውን ድሃ ይገዛል፤ ያደረ ዳቦና ያረጀ ልብስ። እኛ ሰልባጅ የምንለው መሆኑ ነው። ድሃ በመኖሩ ከሱ ትንሽ ከፍ ያለው ሰው ክብር ይሰማዋል። ከተማ ሲታደስም ቤቱ ፈርሶበት ዋጋውን የሚከፍለው እሱ ነው። ይህን አዲስ አበባ ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው ማስታወሻ አያስፈልገውም።

ጋንስ የፈንክሽናሊዝምን መሣሪያ አንሥቶ ተቃራኒውን ሠራበት። ድህነት ይጠቅማል፣ ስለዚህ ይኑር አላለም። ድህነት የማይጠፋው የሚጠቅማቸው ሰዎች ስላሉ ነው አለ። ደግሞም እያንዳንዱ ጥቅም ተተኪ አለው። ቆሻሻውን ሥራ በጥሩ ደሞዝ ማሠራት ይቻላል። ብቻ ያ ተተኪ ከድሃው የተሻሉትን ሰዎች ገንዘብ ያስወጣቸዋል። እነሱ ደግሞ መክፈል አይፈልጉም።

ዝርዝሩን አንብቦ የራሱን ቤት የማያይ ሰው ያለ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ውስጥ ባልና ሚስት ሁለቱም ቢሮ የሚውሉት ሌላ ሰው ቤታቸው ስለሚውል ነው። ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። የእሷ ደሞዝ ከኛ ደሞዝ ጋር ሲተያይ ምን እንደሚሠራ ጋንስ በ1972 ጽፎታል፤ የኛን ሕይወት ይደጉማል። እኛው ደግሞ ቤይሩትና ሪያድ ያሉ እህቶቻችን በአሠሪዎቻቸው ስለሚደርስባቸው በደል እናዝናለን። ሐዘናችን እውነት ነው። ተግባሩ ግን አንድ ዓይነት ነው።

ተተኪው ምን እንደሆነም ይታወቃል። ደሞዝ፣ የሥራ ሰዓት፣ የዕረፍት ቀን፣ የማታ ትምህርት። እኛ ቤት የማታ ትምህርቱና እሁድ ላይ ተስማምተናል፤ እሁድ ምሳ የምሠራው እኔ ነኝ፣ ወጡም ብዙ አልተመሰገነም። ደሞዙ ላይ ግን ባለቤቴና እኔ ወር በመጣ ቁጥር እየተከራከርን ነው። እስካሁን ልጅቷን አልጠየቅናትም።